በሬው ያልታረደበት ተዝካር

አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ የተናዘዘው ስለ አንድ በሬ ነው። ቤቱን ማን ይያዝ፣ መሬቱን ማን ይውሰድ የሚል ነገር አልተነፈሰም። የነፍስ አባታችን በተቀመጡበት የእናቴን እጅ ይዞ፣ «ለተዝካሬ ብለሽ በሬውን እንዳታርጅ። እኔን ጸሎት ይበቃኛል፤ በሬው ለልጆቹ ነው» አላት። እሺ አለችው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ዓመቱ ክፉ ነበር። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መስከረም ላይ በረዶ ወርዶ ገብሳችንን መሬት ላይ አነጠፈው፤ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ በበሽታ ሞተ፤ ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ አባቴ ራሱ ሄደ። የቀረነው አራት ሴቶች፣ እናቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሽ እህቶቼ፣ ከዚያ ብቻውን ከቀረው ቀይ በሬ ጋር ነን። በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። አንድ በሬ ካለ ግን አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ይፈለግና ሁለቱ ይቀናጃሉ፤ ሰውየው የራሱንም የእኛንም መሬት ያርሳል፣ ምርታችን ቤታችን ይገባል። በሬ ከሌለ መሬቱ በእኩል ይሰጥና የምርቱ ግማሽ ይሄዳል። የዚያ መሬት ግማሽ ደግሞ ለአራት ነፍስ አይበቃም። አባቴ ይህን ሁሉ አስቦ ነው የሞተው።

እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ኩራቴ ግን ከውጤቴ በብዙ ይበልጥ ነበር። በአርባው ምን እንደታረደ፣ ማን ጠግቦ ማን ሳይጠግብ እንደሄደ ሰው ለዓመታት ያወራል። አባቴን የሚያህል ሰው በንፍሮ ሊሸኝ ነው ብዬ ሳስብ ፊቴ ይቃጠል ነበር።

በዚህ መሀል ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ከአጎቴ ጋር ተገናኘን። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በጉና በኩል፣ ከእኛ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው ይኖራሉ። ሁለት ዘመዶች አብረዋቸው ቆመዋል።

«ለወንድሜ ተዝካር ምን አሰባችሁ?» አሉኝ።

«በሬው አለ» አልኩ።

ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል። እዚያው ልመልሰው እችል ነበር። አጎቴ ግን «እንዲህ ነው እንጂ የወንድሜ ልጅ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ።

አራት ቀን ሳይሞላ ጎረቤታችን ለሥጋው ብረት ድስት ላውሳችሁ ብላ መጣች። እናቴ ሸኝታት ወደ እኔ ዞረች።

«አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ጥፊ ጠብቄ ነበር። እሷ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ እኔም ፈርቼ ተከተልኳት። የነፍስ አባታችንን አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ አገኘናቸው። መስቀላቸውን ተሳልማ፣ «አባቴ፣ ቃሉን ብጠብቅ ነፍሱን እጎዳለሁ ወይ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር የእናንተን በሬ ምን ያደርግለታል?» አሉ፤ መንሻቸውን እንኳ አላስቀመጡም። «ከምትቀምሱት ለደሀ ቁረሱ። እኛም እንጸልያለን። የቀረውን ለእሱ ተዉት።»

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «አምናለሁ ልጄ፤ ግን እፈራለሁ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያምን ሰው የማይፈራ ይመስለኝ ነበር።

አርባው ጥር ላይ ዋለ። ከፍትሐት መልስ ሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ። ንፍሮ፣ ዳቦና የሽሮ ወጥ ቀረበ። አጎቴ ከቤቱ ጀርባ የታሰረውን በሬ አዩ፣ የቀረበላቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ግን በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ብድግ አለች።

«የሟቹ ቃል ነው» አለች። «ልጄ ሐዘን ቢጎዳት ሌላ ተናግራ ይሆናል፤ አትፍረዱባት። በሬው አይታረድም። ያለን ይህ ነው፤ ብሉና ነፍስ ይማር በሉልኝ።»

«የወንድሜ ነፍስ በንፍሮ!» አሉ አጎቴ። ዱላቸውን አንስተው ሳይቀምሱ ወጡ፤ አራት ሰውም ተከተላቸው። የቀሩት በሉ። ደጅ የተቀመጡት ደሆች ጠግበው መርቀውን ሄዱ። እኔ ግን የማየው የአጎቴን ጀርባ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ረጅም ወራት መጡ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ለበሬው ጭድ ስትሰጥ፣ «ጌታዬ፣ በሬውን አቆይቻለሁ፤ አራሹን አንተ አምጣ» ትል ነበር። የጠየቅነው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከሌላ ተቀናጅቷል። የካቲት አለቀ፣ መጋቢት አለቀ። በሬውን ሽጡና ተገላገሉ የሚል መካሪ አላጣንም። እናቴ ትሰማለች፣ ታመሰግናለች፣ በማግስቱም ጭዱን ትሰጣለች። እኔም አፌን ዘግቼ ከጎኗ ቆሜ አሜን ማለት ጀመርኩ።

ፋሲካ አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ አንድ ጠዋት አጎቴ አንድ ጥቁር በሬ እየነዱ መጥተው ደጃችን ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ» አለች እናቴ፣ ትናንት እንደተለያየ ሰው።

አልገቡም። ውኃ ለመኑ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ መንገዱ ጭቃ አወሩ። በመጨረሻ መሬት መሬት እያዩ፣ የዚህ በሬ ጓደኛ በጾሙ ወቅት ገደል እንደገባባቸው፣ በአካባቢያቸው ሁለት ሳምንት ዞረው ቅንጃ እንዳጡ ነገሩን።

«ያ በሬ… አለ?»

«አለ» አለች እናቴ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለ።»

በዚያው ቀን ጠመዱ፤ ከራሳቸው አስቀድመው የእኛን መሬት አረሱ። ቀዩና ጥቁሩ መጀመሪያ ተገፋፉ፣ ተጓተቱ፣ ኋላ ግን ተስማሙ። እናቴና እኔ ምሳ ይዘን ወረድን። አጎቴ እጃቸውን ታጥበው እንጀራውን ቆረሱ፤ ከመጉረሳቸው በፊት ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ ቀስ ብለው። ጎረሱ፣ ደገሙ፤ ከዚያ እኔን ሽቅብ አዩኝና፣ «አንች ልጅ፣ እንኳን ዋሸሽኝ!» አሉ።

እናቴ ሳቀች። ከታኅሣሥ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ያ በሬ በእኔ ቃል ቢታረድ ኖሮ ያን ቀን ሁለት ቤት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ያመነውን፣ እናቴ እየፈራች የጠበቀችውን ነገር እኔ አፍሬበት ነበር። ተንበርክኬ እግሯን ሳምኩ፤ ይቅር በይኝ አልኳት።

«ተነሽ» አለችኝ፣ ራሴን እየዳሰሰች። «በሬዎቹ ውኃ አልጠጡም።»