የበቅሎዋ ድንጋይ

ንጋሲ መንግስትኣብ ማይ ጭሆት ተወልዶ ያደገ፣ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ የአስመራ ልጅ ነው። በማዕድን መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ሲወቅጥ ኖረ። ጎረቤቶቹ «ሰው እህል ይወቅጣል፣ አንተ ድንጋይ» እያሉ ቢያሾፉበትም ግድ አልነበረውም። የወቀጠውን ይነፋና ጥቁሯን አብረቅራቂ ቅንጣት በመርፌ ጫፍ ይለቅማል። በቅንጣቷ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የባሕር ማዶ ምሁራን ጋዙን ለክተው ቅልጡ ድንጋይ የረጋበትን ዘመን ያወጣሉ። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲሻገር ሙቀጫውን ሦስት ጊዜ ያጥባል። የአንዱ ብናኝ ከሌላው ከገባ ዕድሜው ሐሰት ይሆናል።

በየክረምቱ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር እየመጣ ወደ በረሃው ይዞት ይወርድ ነበር። ጥንት እዚህ ባሕር እንደነበረ፣ ሁለት ምድር ተገፋፍቶ ባሕሩ ሲዘጋ ከሥር የቀለጠው ወጥቶ ተራራ እንደሆነ ያስተማረው እሱ ነው። ንጋሲም ድንጋይ አይቶ አገሩን መናገር ቻለ። ቻለና ዝም አላለም፤ ጥራቮሎ ሰፈር መሸታ ቤት ተቀምጦ «ድንጋይ አይዋሽም» እያለ ይኩራራ ገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ፣ ሻምበል ደርበው የሚባል መኮንን መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አኖረ። ከሽፍቶች በተማረከች በቅሎ ላይ የተገኘ ነው፤ ጭነቱ እንዳያዘነብል በቀለለው ወገን የታሰረ።

«አቶ ንጋሲ፣ የድንጋይ አገር ያውቃሉ ሲሉ ሰማሁ። ይቺ በቅሎ የተጫነችው የት ነው?»

ንጋሲ ገና ሲያየው አወቀው። ቀይ ዳማ፣ ባለ ትልልቅ ፍሬ፤ የሚስቱ የኣብርሄት መንደር ድንጋይ፣ ወንድሟ ተኽኣ ቤቱን የሠራበት። በዚያ ወር ወታደር ስንት መንደር እንዳቃጠለ አስመራ በሹክሹክታ ታውቃለች። እውነቱን ቢናገር መንደሩ ዐመድ ነው። አላውቅም እንዳይል፣ ማወቁን ለከተማው ሁሉ አውርቷል። ፈራ። ሰው የሌለበት ቦታ ሲፈልግ ሩባ ሓርማዝ ትዝ አለው፣ በምሥራቁ ቁልቁለት። ሦስት ክረምት ሲመላለስ ከዝንጀሮ በቀር ፍጥረት አላየበትም።

«ሩባ ሓርማዝ ነው፣ ጌታዬ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሓቂ እዩ። ድንጋይ አይዋሽም።»

ሻምበሉ ጽፎ፣ አመስግኖ ሄደ። ንጋሲ ያን ቀን ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

የገበሬ ልጅ ቢሆን ኖሮ አይስትም ነበር። ሩባ ሓርማዝ ምድረ በዳ የሚሆነው በክረምት ነው። ደጋው ሲደርቅ፣ በታኅሣሥ፣ ዝናቡ ቁልቁለቱን ያገኘዋል፤ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ያኔ የደጋ ሰው ከብቱንና ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል። ተኽኣም ወርዶ ነበር፣ ከነሚስቱ፣ ከነሦስት ልጆቹ፣ ከነመንደርተኛው።

በሳምንቱ መርዶ መጣ። ሩባ ሓርማዝ ዳስ ጥለው ከሰፈሩት ከወታደር የተረፈ ሰው የለም። መንደሩ ግን ደህና ነው፤ አንድ ጣሪያ አልተነካም።

ኣብርሄት በለቀስተኛው መካከል ወደ ባሏ ዞረች። «ወታደር እዚያ ድረስ ምን አወረደው? አንተ ቦታውን ታውቀው የለም እንዴ?»

«ኣይፋል» አላት። «ረግጬውም አላውቅ።»

ኣብርሄት ዓይኗን ወደ ጫማው አወረደች። ሦስቱንም ክረምት የሩባ ሓርማዝን አቧራ ከጫማው ያራገፈችው እሷ ነበረች።