የመምህር ሰይፈሥላሴ ቆንጆ ነጥቦች

ሰይፈሥላሴ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ ሲያስተምር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚኮራው ግን በትምህርቱ አይደለም፤ በፊደሉ ነው። ልጅ ሳለ አንኮበር ላይ ብራና ጸሐፊ የነበሩት አጎቱ «እጅህስ የተባረከ ነው» ብለውት ነበር፤ ያቺ አንዲት ምርቃት እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞ የአጎቱን ጽሕፈት የመሰለ የኮምፒውተር ፊደል ሠራ። ስሙንም «አንኮበር» አለው። የአማርኛው ሁለት ነጥብ (፡) ከእንግሊዝኛው (:) ለምን ያንሳል ብሎ ሁለቱንም አንድ ዓይነት፣ ክብ ክብ አድርጎ ቀረጻቸው። ከዚያ ወዲያ ማስታወሻውም፣ ፈተናውም፣ ኮዱም በአንኮበር ሆነ።

ተማሪው፣ የአሊዩ አምባዋ ዙቤዳ፣ የመመረቂያ ሥራዋን ስታቀርብ ፕሮግራሟ አልነሳም አለ። ሰባተኛው መስመር ላይ «የማላውቀው ምልክት አለ» ብሎ ቆመ። ሰይፈሥላሴ በራሱ ኮምፒውተር፣ በአንኮበር ፊደል ከፍቶ አየው። ነጥቦቹ ያምራሉ። ጥቂት አደነቃቸው።

«እዚህስ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ያበላሸሽው ነገር አለ» አለና ዜሮ ሰጣት። ምረቃው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ዜሮ ማለት ደግሞ ኮርሱን ለመድገም ዓመት መጠበቅ ነው።

በማግስቱ ዙቤዳ አሮጌ ላፕቶፗን ታቅፋ ቢሮው መጣች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በኔ ላይ ይዩት።»

በእሷ ላፕቶፕ ላይ ያለው ከማሽኑ ጋር የመጣው ደረቅ ፊደል ነው፤ ሰይፈሥላሴ የብሎኬት አጥር እያለ የሚሳለቅበት። ብሎኬቱ ግን አልዋሸም። የሰባተኛው መስመር ነጥቦች ወፈር፣ ራቅ ብለው ለብቻቸው ቆመዋል፤ የአማርኛ ናቸው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከእርስዎ ማስታወሻ። የኮዱን መነሻ እንዳለ ገልብጡት ብለውን ነበር።»

ማስታወሻውን ሲያዘጋጅ ኪቦርዱን ከአማርኛ መመለስ ረስቶ ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ቃሉን ንቀው በእጃቸው ስለተየቡት ዳኑ፤ መምህሯን ያመነችው እሷ ብቻ ወደቀች። ሰይፈሥላሴ ጆሮው ድረስ ጋለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሱ ነው። ያን ዕለት ነጥቦቹን ሲያደንቅ የነበረውን ራሱን በጥፊ ቢለው ደስ ባለው።

ዙቤዳ አዘነችለት መሰል፣ «ፊደሉ እኮ ለሠርግ ጥሪ በጣም ያምራል» አለችው።

የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ይዞ ወደ ሬጅስትራር ሄደ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ መጀመሪያ «ቴክኒካዊ ችግር» ብሎ ጻፈ፤ ወዲያው አፈረና ሰረዘው። «የመምህሩ ኩራት» ብሎ ተካው።

የሬጅስትራሯ ወይዘሮ አስካለማርያም ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ከምክንያቶቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።»

«እንግዲያው ይጨምሩት» አለ ሰይፈሥላሴ። «ያስተማርኩበት ማስታወሻ ስልሳ ገጽ ነው፤ ገና እመላለሳለሁ።»