ጨዋታው እስኪወርድ

መካነ ሰላም ቤታችን ያስገባነው ኢንተርኔት አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚሠራ ይመስላል። የሚብሰው ሁለተኛው ነው። ጨርሶ ቢጠፋ ሰው ቁርጡን አውቆ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል። እየተጎተተ ሲሄድ ግን ቁጭ ብለህ እንድታፈጥበት ያደርግሃል። እኔ መምህር ስለሆንኩ ክረምት ላይ የሚያጣድፈኝ ሥራ የለኝም፤ ያን ክረምት ላፕቶፑ ላይ እንዳፈጠጥኩ አለፈ።

የማወርደው የእግር ኳስ ጌም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጂዳ አጠገብ የአንድ ሀብታም ግቢ ይጠብቃል። የአሠሪው ልጆች የሰለቻቸውን የጌም ማጫወቻ ሰጥተውት አገኘ። ልጆች ሳለን ከገበያው በላይ በነበረችው ጌም ቤት ተራ እየተጋፋን እንጫወት ስለነበር ትዝ ብሎት ደወለልኝ። እውነቱን ለመናገር በስልክ የምንነጋገረው ካለቀብን ቆይቷል። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ከተባባልን በኋላ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ዝም ብለን ደግሞ ካርድ እንጨርሳለን። «አንተም አውርደውና አርብ አርብ አብረን እንጫወት» አለኝ። አርብ የእረፍት ቀኑ ነው።

እሱና አባቴ ግን ዝምታ እንኳን የላቸውም፤ ጨርሶ አይገናኙም። አባቴ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያሳለፉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ወንድሜ በባሕር ልሂድ ሲል «አልፈቅድም» አሉት። እሳቸው ለሱብሂ ሶላት መስጊድ እንደወጡ እሱም ወጣ፤ ያለ ምርቃት፣ ያለ ስንብት። የመን ላይ ታስሮ ሳለ በሰው ስልክ ደወለና «አባባን ስጡኝ» አለ። ስልኩን አቀረብኩላቸው። ቤቱ ሙሉ ጎረቤት ነበር። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ወንድሜ ከዚያ ማዶ ሆኖ ዝምታውን ሰማ፤ ምን ማለት እንደሆነም ገባው። ከዚያ ወዲህ እሱ ስጡኝ አላለም፣ እሳቸውም ስሙን አላነሱም። በሁለት ግትሮች መሐል ቀርቼ ሁለቱንም ስወድ መኖር ታክቶኝ ነበር።

አማርኛችን ደግሞ ለኳሱም ለወጉም አንድ ቃል ነው ያለው። ኳሱም ጨዋታ ነው፣ ወጉም ጨዋታ ነው። እኛ ጋ እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ «ተጫወት እንጂ» ይባላል፤ ማንም ተነሥቶ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ለወንድሜ በስልክ «ጨዋታው ይውረድና አርብ እንገናኛለን» ስለው አባቴ ደጃፍ ላይ ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። እሳቸው የተረዱት፣ ልጃቸው ከባሕር ማዶ የላከው ወግ በማሽኑ በኩል እየወረደ መሆኑን ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ ሲጠይቁኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

«ጨዋታው ወረደ?»

«ገና ነው አባባ፤ ከባድ ነው።»

«ጨዋታ ይከብዳል እንዴ?»

«ይኼኛው ይከብዳል።»

ትንሽ አሰብ አደረጉና «መቼም ይከብዳል» አሉ። ወደ ተስቢሃቸው ተመለሱ።

ዝናቡ ከወግዲ በኩል ጠቁሮ ይመጣና መጀመሪያ ኔትወርኩን ይወስዳል፤ ቀጥሎ መብራቱን። መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ አይመጣም። ሁለቱ የሚገናኙባት ሰዓት ስትገኝ ደግሞ ስንት እንደወረደ የምታሳየው መስመር ሽራፊ ያህል ፈቀቅ ትልና ትቆማለች። ላፕቶፑን ይዤ ጎረቤት ከተማ አቀስታ ልሂድ ብዬ ባልደረባዬን ባማክረው፣ እዚያ ያሉትም ወደኛ ሊመጡ እያሰቡ እንደሆነ ነገረኝ። ወንድሜማ ይስቅብኛል። «እኔ ጋ እኮ ሻይ ሳይፈላ ነው የጨረሰው» ይለኛል። አልሳቅኩም። የአንድ እናት ልጆች ሆነን እሱ የሚኖርበት ዓለም ከኔ ምን ያህል እንደራቀ ያየሁት በዚያች መስመር ነው።

አባቴ ግን ከኔ ይበልጥ ጠባቂ ሆኑ። መብራት ሲጠፋ ከሁሉ ቀድመው የሚያማርሩት እሳቸው ናቸው። የጎረቤት ልጆች በአጥር ተንጠላጥለው ዋይፋያችንን ሲለምኑ «ሂዱ ወዲያ፣ ጨዋታ እየወረደ ነው» ብለው አባረሯቸው። አንድ ቀን ከሶላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ያንን ነገር አግራው» ሲሉ ሰምቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ድርግም አለ። ስከፍተው ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደገና ከመጀመሪያው አለኝ። ላፕቶፑን ከግድግዳው ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። በኢንተርኔቱም፣ በመብራቱም፣ በዝናቡም ላይ ያልወረወርኩት እርግማን የለም። አባቴ ከደጅ ሆነው ሰምተውኛል።

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ። «ልቡ ገና አልቆረጠም። ሲቆርጥ ይወርዳል።»

ስለ ኢንተርኔቱ የሚያወሩ መስሎኝ «እሱ ልብ የለውም አባባ» አልኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሐሙስ፣ ጨረሰ። «ወረደ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና መልሰው ተቀመጡ። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ለዒድ የሚያወጡትን ኮፍያ አድርገው ነበር። ወንበር አስመጡና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ።

«ክፈተዋ» አሉ። «ምን እንደሚል እንስማው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ የኳስ ጨዋታ ነው ልል አፌን ከፈትኩና፣ ኮፍያውን ሳይ ዘጋሁት። ደግነቱ ጌሙ ድምፅ ያስተላልፋል፤ ወንድሜ ሲገባ «አባባ አጠገቤ ናቸው» እለዋለሁ፣ ከዚያ የሆነው ይሁን ብዬ ቆረጥኩ። ማይኩን ሰካሁ። ሜዳው ተከፈተ። ወንድሜ የራሱን ተጫዋች በራሱ መልክ ሠርቶታል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱ ሰገግ ያለ። የአባቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ቢሆንም ወደ ፊት ጠጋ ብለው «እሱ ነው» አሉ።

አፌን ሳልከፍት ድምፁ መጣ። «ትሰማኛለህ? ትሰማኛለህ?» ለኔ ነበር የሚለው። ወዲያው ተቆረጠ። ተጫዋቹ እጁን ወደ ታች እንዳደረገ መሐል ሜዳ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ከጥግ በኩል መስመሩ መጥፋቱን የምትናገር ትንሽ ቀይ ምልክት ብቅ አለች። እኔ አየኋት።

«እሰማሃለሁ ልጄ» አሉ አባቴ። «ያን ቀን ስልኩን ያልተቀበልኩህ ጠልቼህ አይደለም። ድምፅህን ብሰማ አለቅስ ነበር፤ ቤቱ ደግሞ ሰው ነበረበት። ሂድ ሳልልህ ሄድክ። አሁን ሂድ ብዬሃለሁ። ይቅር ብዬ አፉ ብዬሃለሁ፤ አንተም አፉ በለኝ። አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ።»

«አሚን» አልኩ። ሌላ የሚል ሰው አልነበረም። አባቴ ፊታቸውን በጀለቢያቸው እጅጌ ጠረጉና ወደ ደጅ ወጡ።

አመሻሽ ላይ ወንድሜን በስልክ አገኘሁት። ስለ ኔትወርካችን ሊያላግጥ ሲጀምር አስቆምኩትና አባቴ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት።

«ይህን የምትለኝ እንድንታረቅ ስለምትፈልግ ነው» አለኝ። «እውነት ከሆነ ራሳቸው ይንገሩኝ። በገዛ አፋቸው፣ አንዴ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልፈርድበት አልቻልኩም። ስልኩን እንደያዝኩ ደጅ ወጣሁ። «አባባ፣ እሱ ነው። ያናግሩት።»

ስልኩን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደ ጠገበ ሰው። «ተነጋግረናል እኮ። ደግሜ ብል አልቅሼ ነው የምወድቀው፤ አልችልም።»

«አልሰማም አባባ! መስመሩ ተቆርጦ ነበር፤ የቆመው ሥዕሉ ነው።»

ሳቁብኝ። ከዓመታት በኋላ የሰማሁት ሳቃቸው ነበር። «ምን አልሰማም ትለኛለህ? ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አንዲት ቃል ሳይመልስ አዳመጠኝ። ያ ምላሰኛ ልጅ!»

ስልኩን ሳየው ተዘግቷል። ወንድሜ ይዝጋው፣ መስመሩ ይቆረጥ አላወቅኩም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም። ጌሙን አርብ አርብ እንሞክረዋለን፤ ሲሠራ ስለ ጎል ብቻ እናወራለን። አባቴ አሁን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እሳቸው ከልጃቸው ጋር ታርቀዋል፤ ልጃቸው ግን ከሳቸው ጋር አልታረቀም።