አዋሽን ባሕር ያስገባሁት እኔ ነኝ

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ መጨረሻ፣ የዛሬዋን ጭሮ አሰበ ተፈሪ እያልን በምንጠራበት ጊዜ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼም ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ትንሽም አፍራለሁ።

እኔ የስፖርት መምህር ነበርኩ። የጂኦግራፊው መምህር በድንገት ወደ ድሬዳዋ ሲዛወር ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን አስጨበጡኝና «እስከዚያው ያዝልን» አሉኝ። እስከዚያው የተባለው ዓመት ሞላው። እኔ ደግሞ ሞቼ ብገኝ አላውቅም የማልል ጎረምሳ ነበርኩ።

አንድ ቀን ስድስተኛ ክፍሎችን ይዤ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ጅረት ወረድኩ። «ይህ ጅረት ቁልቁል ሄዶ አዋሽ ይገባል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አዋሽ ደግሞ ባሕር ይገባል። እዚያ የወንዙ አፍ ላይ የእኛ ውሃና የባሕሩ ጨው ይደባለቃሉ።» ልጆቹ ጻፉ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ ነኢማ ቀረች። ነኢማ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ሦስተኛ ቀን ሲሆን ጓደኛዋን ጠየቅኩ። ለካ ጣጣው የእኔ ነው! እቤት ሄዳ «አዋሽ ባሕር ይገባል» ስትል አባቷ ኦቦ ሙሜ «አይገባም» ይሏታል። እሷም «መምህሬ ከአባባ የበለጠ ያውቃል» ትላለች። ኦቦ ሙሜ ደግሞ ዛሬ ሱቅ ይቀመጡ እንጂ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ተሸካሚ፣ ኋላም መርከበኛ የነበሩ ሰው ናቸው። «ውሸት ተምራ አባቷን ከምትንቅ ሱቅ ትቀመጥ» ብለው ከትምህርት አስቀሯት።

ካርታ ገልጬ አዋሽን በጣቴ ተከተልኩት። አፋር በረሃ ላይ ሐይቅ ገብቶ ቀረ። ባሕሩ ገና ወዲያ ነው። በእኔ ጉራ የልጅቷ ትምህርት ሊቀር ነው።

በአቅራቢያችን ያለችው የሂርና ከተማ ሰው የሆኑትን የትምህርት ቤታችንን ጸሐፊ ጋሽ ዩሱፍን አማከርኳቸው። «በእኛ አገር ባዶ እጅህን ሄደህ ይቅርታ አትጠይቅም» አሉኝ። «ጫት ፊታቸው ታስቀምጣለህ። ካነሱት ጉዳይህ አለቀ። ካላነሱት በመጣህበት ተመለስ።»

አንድ ዙርባ፣ ደህና እስር ጫት ገዝቼ፣ ያለችኝን አንዲት ኮት ለብሼ ከጋሽ ዩሱፍ ጋር ሄድን። የነኢማ እናት በሩ ላይ ሲያዩን ክው አሉ። እዚያ አገር ከሽማግሌ ጋር ጫት ታቅፎ የሚመጣ ጎረምሳ ሚስት ፈላጊ ነው። «ትልቋ ታጭታለች!» አሉ ገና ሳንገባ። ጋሽ ዩሱፍ «ለትምህርት ጉዳይ ነው የመጣነው» ብለው ባያስረዱልኝ እዚያው እቀልጥ ነበር።

ኦቦ ሙሜ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጫቱን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ዞር ብለውም አላዩት።

«እርስዎ ልክ ነዎት» አልኳቸው። «አዋሽ ባሕር አይገባም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ድሮም አውቃለሁ። ለልጆቹ ነግረሃል?»

«አልነገርኩም።»

ጫቱ እንደተቀመጠ ነው። ነኢማ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ታያለች። ያኔ ሳላስበው «እርስዎ መጥተው ይንገሯቸው» አልኩ። «የወንዝ አፍ ያዩት እርስዎ ነዎት።»

ኦቦ ሙሜ አቀረቀሩ። «እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም» አሉ።

«እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። እጃቸውን ሰደዱና ዙርባውን አነሱት።

ሰኞ ነኢማ ከአባቷ ጋር መጣች። መጀመሪያ እኔ ክፍሉ ፊት ቆሜ ስህተቴን ተናገርኩ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሳቁብኝ። ቀጥለው ኦቦ ሙሜ ቆሙ።

«ጅረት ቀላል ነው» አሉ። «ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። መርከበኛ ሆኜ ኢራቅ አገር፣ ባስራ ያየሁት የወንዝ አፍ ግን ሌላ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ወንዙን ይገፋዋል፤ ወንዙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባሕሩ ሲጎድል እንደገና ይወርዳል። በቀን ሁለቴ፣ ወላሂ! ወንዙ ሲበረታ ውሃው ይጠጣል፤ ባሕሩ ሲበረታ አፍህ አይችለውም። ግን ያ ሁሉ ውሃ ከላይ ሲነሳ እንደዚህ እንደኛዋ ትንሽ ጅረት ነው። የእኛዋ ብቻ መንገድ ላይ ትቀራለች።»

አንዱ ልጅ «አዋሽ አያሳዝንም?» አለ።

«ምን ያሳዝናል? ግመል ያጠጣል፣ ጥጥ ያበቅላል። ባሕር ቢገባ ጨው ይሆን ነበር እኮ።»

ሲጨርሱ ልጆቹ ለመምህር እንደሚያደርጉት ሁሉ በአንድነት ብድግ አሉላቸው። ኦቦ ሙሜ ማን ገባ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ማንም የለም። ነኢማ ከሁሉም ቀድማ ነበር የተነሳችው።

ነኢማ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረችም። እኔም አላውቅም ማለትን ለመድኩ። በማስተማር ዘመኔ ስንት ሺህ ጊዜ ተነስተውልኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ የተነሱት ለእኔ ባይሆንም።