በገለባ የታሰርኩበት ሳምንት

ሁለቱ ፖሊሶች በአጥሩ በር ላይ ነበሩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከእነሱ ኋላ መንገዱ ላይ ስልኩን በእጁ ይዞ ቆሟል። የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከእንሰቱ ጥግ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። የትራክተሩ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ማሳው መሃል፣ ገለባው ላይ ቆሜያለሁ። ግንቦት ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ።

ሊቀ መንበሩ ሹፌሩን «ንዳ እንጂ!» አለው።

«እናቴን የምታክል ሴት ላይ ልንዳ?» አለ ሹፌሩ። የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። «አንተ ውጣና ንዳ፤ መሪው ይኸው።»

ከፖሊሶቹ አንዱ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። አጥብቆ አልያዘኝም። «እማማ፣ ለጥቂት ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳሉ» አለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተከተልኩት። መንገድ ስንጀምር ዝናብ መጣል ያዘ። ጭቃው ትራክተሩን ይይዘዋል ተባለና ማሳዬ ሐሙስ እንዲታረስ ተቀጠረ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገር። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትይዝም። ባል የሞተባት ሴት መሬት ቢኖራትም የሚያርስላት ወንድ መለመን አለባት። ለእኔ የሚያርሰው የባለቤቴ ወንድም ነበር። በበሬዎቹ ያርስና የምርቱን እኩሌታ ይወስዳል፤ ገለባውን ደግሞ በሙሉ ለከብቶቹ ይሸከማል። አልከፋሁም፤ የሁሉም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ዲኤ የምንላት የግብርና ሠራተኛ ወደ ቀበሌያችን ተመደበች። ልጅ ናት፤ ገና መመረቋ ነበር። መሬት ሳይታረስም ስንዴ ይበቅላል አለችን። ገለባው ማሳው ላይ ይቅር፣ ከብት አይግባበት፤ ዝናቡ ሲመጣ በገለባው መሃል በዶማ ጠባብ መስመር እየከፈታችሁ ዝሩ አለች። ሌላም ብዙ ነገር ተናግራለች። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሬ አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ዓመት ምርቴ ከጎረቤት አነሰ። አረሙን በእጄ ስነቅል ወገቤ ተቆረጠ። ሰዎች «አልጋዋን ማሳ ላይ አነጠፈች» ብለው ሳቁብኝ። በሁለተኛው ዓመት እኩል ሆነ። በአራተኛው ዓመት ገለባውን ገለጥ አድርጌ ጣቴን ብሰካው እስከ መዳፌ ይገባል፤ አፈሩ ጠቁሯል፣ ትል አለበት፣ ዝናብ ካቆመ ከሳምንት በኋላም ርጥብ ነው።

ገበያ ላይ የማውቃቸው ስድስት ሴቶች ይህን ሰምተው ጀመሩ። ሁሉም ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ከተለያየ ቀበሌ፣ አንዷ እንዲያውም ከዶዮገና በኩል ትመጣለች። በገበያ ቀን ከድንች ተራው ኋላ ተቀምጠን እንመካከራለን። አንዳንዴ ዲኤዋም ትመጣለች። በአምስተኛው ዓመት ክላስተር የሚባለው መጣ፤ የሁሉም ማሳ በአንድ ላይ በትራክተር ይታረሳል፣ አንድ ዓይነት ዘር ይዘራል ተባለ። ዲኤዋም ይህንኑ እንድታስተምር፣ የቀድሞውን እንድትተው ታዘዘች። እኛ እዚያው ድንች ተራው ኋላ ተቀምጠን አናሳርስም ተባባልን። እሷም አብራን ነበረች። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ቀበሌ ስለሆነ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ስምንት ሴቶች ተሰብስበው ሲያድሙ ያየ ሰው ተናገረ። ከእኔ በቀር ግን ማንን እንዳየ ለይቶ አላወቀም።

የወረዳችንን ስም አልጽፍም። ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከፍ ብሎ ወንፊት ሽቦ የተመታበት አንድ መስኮት አለ። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። በሩ ጥግ ቢጫ ጄሪካን፣ ግድግዳው ሥር ሁለት ሴቶች። አንዷ የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከግብር ሰዎች ጋር ተጣልታ ነው። ሌላዋ መምህርት ናት። ደመወዝ ዘገየብን ብለው ከተሰለፉት አንዷ ነበረች።

«ምን አድርገው ነው እናቴ?» አለችኝ ነጋዴዋ።

«ገለባ» አልኳት።

«ሰረቁ?»

«አይደለም። ማሳዬ ላይ ተውኩት።»

ወደ መምህርቷ ዞረች። «ሰማሽ? እኛ በአፋችን ገባን፣ እሳቸው በገለባ!»

መምህርቷ ግን ቀረብ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሳይንስ አስተማሪ ናት፤ ገባት። «ካርቦኑ ነው» አለች። «ተክል ከአየር ይወስደዋል። ገለባው ሲበሰብስ ከፊሉ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ አፈሩን የሚያጠቁረው እሱ ነው። አፈሩ ሲገለበጥ ደግሞ ወደ አየር ይመለሳል።»

«ታዲያ እኚህ ሴትዮ አየር ደብቀው ነው የተያዙት!» አለች ነጋዴዋ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። ወንበር ሰጠኝ።

«ሻይ ይጠጣሉ?»

«አልጠጣም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ገበያ ላይ ምን ተነጋገራችሁ?»

«ስለ ገለባ።»

«ስምንት ሴት ስለ ገለባ?»

«አዎ።»

«እናቴ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ገለባ ከብት ይበላዋል፣ አለቀ። ምን የሚያስወራ ነገር አለው?»

ለማወቅ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር።

ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። ከላይ «የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» ይላል፤ ከሥሩ ከአንድ እስከ አሥር ተራ ቁጥር አለ። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዞረው።

«ስሞቹን ይጻፉልኝ። በተለይ አታሳርሱ ያለቻችሁን። ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ። ለሊቀ መንበሩ አሁን እደውልለታለሁ፤ ሐሙስ ትራክተሩ የእርስዎን ማሳ ዘሎ ያልፋል። ቃሌ ነው።»

«ካልጻፍኩስ?»

«ሐሙስም እዚሁ ነዎት።» የማኅተሙን ቀለም ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «መጻፍ ካልቻሉ ይንገሩኝና እኔ እጽፋለሁ፤ እርስዎ ጣትዎን ያድርጉ።»

«እችላለሁ» አልኩት። «እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ያን ጊዜ ብዙ ያሰብኩ የሚመስላቸው አሉ። ብዙ አላሰብኩም። ዲኤዋ እናቷን በደመወዟ እንደምትረዳ አውቃለሁ። ከስድስቱ አንዷ የሚጠባ ልጅ እንዳላት አውቃለሁ። ማሳዬንም አውቃለሁ። እነዚህ ሁሉ እንደ ሌላ ሰው ነገር ከሩቅ ይታዩኝ ነበር።

በተራ ቁጥር አንድ ላይ የራሴን ስም ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። ከዚያ ከሁለት ቁጥር ጀምሬ እስከ አሥር ድረስ አንድ ሰያፍ መስመር አሰመርኩ፤ ጫፉ ላይ ፈረምኩ። ለረጅም ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አይፈረምም፤ ባዶውን ኋላ ሰው ይሞላዋል።

ወረቀቱን አየው። «ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለ። አንቺ ሆንኩ።

«መጻፍ የምችለውን ጻፍኩ።»

«ቅጹን አበላሸሽብኝ እኮ!»

«ሌላ ካለዎት ይስጡኝ።»

ሌላ ሰጠኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ መስመሩን አሰመርኩ፣ ፈረምኩ። ሦስተኛውን ከመሳቢያው እስከ ግማሽ ድረስ ስቦ መልሶ አስገባው። በሩ ላይ ለቆመችው ፖሊስ «ውሰጃት» አላት።

ረቡዕ የባለቤቴ ወንድም ቆጮና ጎመን ይዞ መጣ። ፖሊሷ ቆጮውን በስንጥር ወጋ ወጋ አድርጋ ፈተሸችው። በቤታችን ቋንቋ ሰላምታ ሲጀምር «በአማርኛ አውሩ» አለችን። እኔና እሱ በአማርኛ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። እንደ እንግዳ ሰው ሆንን።

«እትዬ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም» አለ። «ለሊቀ መንበሩ አላሳርስም ትላለች ብዬ ነገርኩት እንጂ እሰሯት አላልኩም።»

«ሰማሁ።»

«ሰው የወንድሙን ሚስት አሳሰረ ይለኛል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፈርኩ። ስም ነው የሚፈልጉት አሉ። ጻፊላቸውና ውጪ። ለገለባ ብሎ ሰው ይታሰራል?»

«አንተ ለከብቶችህ ስትወስደው እንዲህ አልቀለለም ነበር» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «ቆጮው እንዳይደርቅ» ብሎ ሄደ። ለሦስት በላነው። ነጋዴዋ ጎመኑ ቅቤ አንሶታል አለች።

ሐሙስ ነጋ። ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ ብዬ ገመትኩ። ማሳዬ ትንሽ ናት፤ ለትራክተር የአንድ ሰዓት ሥራ አትሆንም። መስኮቱ ወደ እኔ ቀበሌ አቅጣጫ አይደለም፤ ቢሆንም ኖሮ አይታይም። አዲስ የተገለበጠ አፈር መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው እንፋሎት ያወጣል። ወደ ማታ ከላይ ይነጣል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ። ቀድሞ ሽታውን እወደው ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን «አሁን አልቋል» አልኩ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ነጋዴዋ ከኋላዬ መጥታ ተቀመጠች፤ ሻሼን ፈታ ጸጉሬን መጎንጎን ጀመረች። እጇ ከባድ ነው፤ ያምም ነበር። ተዪ አላልኳትም።

ይህን የምጽፈው ከዓመታት በኋላ ነው። ክላስተሩ በእኛ ቀበሌ ሁለት ክረምት ቆየና ትራክተሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ማሳዬን እንደገና በገለባ ሸፍኛለሁ። አሁን ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባል። እንደ ቀድሞው የሚሆንበትን ዓመት አየዋለሁ ብዬ አልጠብቅም፤ አፈር አይቸኩልም፣ እኔም አርጅቻለሁ። ዲኤዋ ወደ ሀደሮ በኩል ተዛውራ ትሠራለች፤ በበዓል ትደውልልኛለች። ስለዚያ ሳምንት አንስተን አናውቅም። መሬቱ ይቆጭሽ ይሆን የሚሉኝ አሉ። ይቆጨኛል። ቅጹ ግን አይቆጨኝም። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን አብረው ይኖራሉ።

የወጣሁት አርብ ነው። ጠዋት ስሜ ተጠራ። ፍርድ ቤት አልቀረብኩም፣ ዋስ አልተጠየቅሁም። ስልኬንና መቀነቴን መለሱልኝ። መርማሪው ራሱ እስከ ውጭው በር ሸኘኝ። እንደገና እርስዎ ሆኛለሁ።

«ማሳዎ ታርሷል» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ በሰላም ይግቡ። የሚቀበልዎ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩት።

የገበያ ቀን ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ሰውና አህያ ሞልቶታል። መርማሪው ወደ ቢሮው አልተመለሰም፤ በሩን ተደግፎ ቆመ። የሚያየው እኔን አይደለም፤ ወደ እኔ የሚመጣውን ሰው ነው። ለምን እንደለቀቁኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ሴቶቹን አየኋቸው። አንዷ ሽንኩርት ፊት ቆማለች። ሁለቱ ባጃጁ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። የዶዮገናዋ ዶሮ ይዛ ዋጋ ትከራከራለች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ልጅ የምታጠባዋ ልጇን አዝላ ከሱቅ ጥላ ሥር ቆማለች። የቀረችው አንዷ የት እንደነበረች አላስታውስም። ዲኤዋ ጃንጥላ ይዛ መንገዱን ተሻግራለች፤ ለእኔ ከሁሉም የቀረበች እሷ ናት።

አንድ እርምጃ ወደ እኔ ጀመረች። አፏ ለሰላምታ ተከፍቷል።

ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ጎተትኩና ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። እግሯ ቆመ። ጫማዋን አየሁ፤ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፤ ከሩቅ በእግሯ መጥታለች። በአጠገቧ አለፍኩ። በሽንኩርቷ፣ በዶሮዋ፣ በልጁ አጠገብ አለፍኩ። ማንንም ሰላም ሳልል የቤቴን መንገድ ያዝኩ።