ቦክሰኛው ያልሞተበት ሁለተኛ ክፍል

ወልዴን ለማታውቁት፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ግራንድ ፕሬሪ ባለው መጋዘናችን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ በልጅነቱ ደሴ ቦክስ ይጫወት ነበር። ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው የፊልም ተዋናይ ሆነ። እኔ ሐዳሳ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከሮውሌት ወደ ሥራ በመኪናዬ የማመጣው፣ በፊልሙም ላይ ቁስልና ደም የቀባሁት እኔ ነኝ። ሶ የሆነውን ሁሉ አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን ክፍል የሠራው ባልደረባችን ኖላዊ ነው። መጨረሻው ላይ ወልዴ የሚጫወተው ቦክሰኛ ወድቆ ይሞታል። ኖላዊ ማስታወቂያ ይሁን ብሎ የወልዴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ፊልም ነው የሚል አንድ ቃል የለውም። እንደው ምን ዓይነት ጅልነት ነው?

ደሴ ያሉ ጎረቤቶች አዩት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይጣራም፤ ሶ ማንም ሳይደውል ማልደው ተሰብስበው ታላቅ እህቱን እትዬ እማዋይሽን አረዷቸው። ወልዴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ድንኳን ተጣለ። ወልዴ ያን ቀን ድርብ ሺፍት ነበረው፣ ስልኩ ሎከር ውስጥ ነው። እትዬ ደረታቸውን ሲደቁ ከዋሉ በኋላ ነው ደውሎ «አለሁ» ያላቸው። እልል አሉ። ሲውል ሲያድር ግን፣ ሰው እንዴት በሞቱ ይጫወታል ብለው ተቀየሙት፤ ስልኩን ማንሳት ተዉ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ተመልካች ሁለተኛ ክፍል ይሠራ ብሎ ሲወተውት ወልዴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ቦክሰኛው አልሞተም ይባል። ቀብሩን እኮ ቀርጸናል ብሎ ኖላዊ ፀጉሩን ነጨ። ወልዴ ወይ ፍንክች። እህቴ ቆሜ ካላየችኝ አይወጣላትም አለ። በመጨረሻ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ሌላ ሰው ነው ተባለ። እኔም ደሙን ቀነስኩ።

ፋርመርስ ብራንች በተከራየነው አዳራሽ ሲታይ ሕዝቡ በሳቅ ፍርስ አለ፤ የሚያስለቅሰው ቦታ ላይ ጭምር። አንዱማ ለቀብሩ ያፈሰስኩትን እንባ መልሱልኝ አለ። ኖላዊ መግቢያ ጠፋው። ወልዴ ግን የፊልሙን ሊንክ ለእትዬ ልኮ ስልኩን ብቻ ያያል፤ ሳቁን የሰማውም አይመስለኝም። አንጀቴን በላው።

ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ጋ ፓርክ እንዳደረግኩ የወልዴ ስልክ ጠራ። እትዬ ናቸው። አንስቼ ስፒከር ላይ ያደረግኩለት እኔ ነኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ግራ እጅህን ለምን ታወርዳለህ? ፊትህን ሸፍን እንጂ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ ሊገድልህ ነበር እኮ።»

«እትዬ፣ ፊልም ነው እኮ።»

«ዝም በል። ወድቀህ ብድግ ስትል እኔም ብድግ ብዬ ነው ያየሁህ።» ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ቁርስ በልተሃል?»

እፎይ! ሁለት ዓመት የከበደኝ ነገር ከትከሻዬ ላይ ወረደ፤ የእኔ እንኳን እንዲህ ከሆነ የእሱን አስቡት። ወልዴ አፉን በእጁ ይዞ ያለቅሳል።

«በልቷል እትዬ» አልኳቸው እኔ። አልበላም ነበር። ሥራ የገባነው ሃያ ደቂቃ አርፍደን ነው።