ሞቷል ያልሁት ዲስክ

ጋምቤላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ይመስለኛል፤ በእርግጠኝነት ለመናገር ግን አልደፍርም። ያልረሳሁት ሙቀቱን ነው። ኃላፊው የትምህርት ማስረጃዎቼን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ሁለተኛ ዲግሪህን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥና ብሩሹን ያዝ» አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የኮምፒውተር አቧራ ስጠርግ ቆየሁ።

ከጀማሪ ባለሙያነት ተነሥቼ የቡድን መሪ እስክሆን ብዙ ዓመታት አለፉ። ሰዎች «ኢንጂነር» ይሉኝ ጀመር። ስሙን ለመድሁት፤ ከለመድሁት በኋላ ሰው መጠየቅ ቀነስሁ።

አቶ ኦሞድ ወደ ቢሮዬ የመጡት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ኢታንግ ወረዳ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆኑ የአኙዋ ቋንቋ መምህር ናቸው። የባሮ ወንዝን ዓሦች ስምና የማጥመጃውን ዘዴ ከሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች አፍ ለዓመታት ሰብስበው፣ ለአራተኛ ክፍል ማንበቢያ የሚሆን ረቂቅ አዘጋጅተዋል። ደብተሮቻቸውን የወንዙ ሙላት ወስዷቸዋል። ረቂቁ የቀረው በላፕቶፓቸው ላይ ብቻ ነበር።

ላፕቶፑን አንድ ወዳጃቸው ወደ አዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አፕግሬድ አድርጎላቸዋል። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ከበደው፤ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል።

«ኢንጂነር፣ ወደ ድሮው መልስልኝ» አሉኝ። «ፋይሌ ግን እንዳይጠፋ።»

በቀላሉ መመለስ የሚቻለው አፕግሬድ በተደረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻ እንደነበረና ያ ጊዜ እንዳለፈ አስረዳኋቸው። የቀረው መንገድ የግል ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ላፕቶፑን ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ፣ የቀድሞውን ሲስተም ከፍላሽ እንደገና መጫን ነው።

ላፕቶፑ ሲከፈት፣ ለየብቻቸው ፋይል የሚያስቀምጡ ሁለት የተጠቃሚ ስሞች ታዩ፤ ኦሞድ እና አሪየት። አሪየት ማን እንደሆነች ጠየቅኋቸው፤ ልጃቸው እንደሆነች ነገሩኝ። የሕፃን ጌምና ዘፈን ይሆናል ብዬ አለፍሁት። በኦሞድ ስም ያለውን ብቻ ገለበጥሁ። ሁሉም ተገልብጧል ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎርማት አደረግሁት።

ሥራው አልቆ ረቂቁን ቢፈልጉት የለም። አሪየት ለካ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። የአባቷ ዐይን የስክሪን ብርሃን ስለማይችል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጣች እሳቸው ከደብተር ሲያነቡላት የጻፈችው እሷ ናት፤ በራሷ ስም ገብታ።

በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ እንደሚገባኝ በሚገባ አውቅ ነበር። ላፕቶፑን ወዲያው መዝጋት፣ በዲስኩ ላይ አንዳች እንዳይጻፍ መጠበቅ፣ ከዚያም የጠፋ ፋይል ወደሚያወጡ ባለሙያዎች መላክ። የተደመሰሰ ፋይል አዲስ የተጫነው ሲስተም ካልተጻፈበት የዲስኩ ክፍል በከፊልም ቢሆን ሊገኝ ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሞ መናገር ያስፈልግ ነበር። ሁለት ወጣት ባልደረቦቼ አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ።

«ዲስኩ አርጅቷል፤ ሞቷል» አልኋቸው።

ውሸቴ እንዲጸናልኝም ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁና በሌላ ተካሁት። አሮጌውን በእጃቸው ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን እኔኑ ያጽናኑኝ ጀመር። «ምን ታደርገዋለህ፣ ሰውም ያረጃል» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ ሳምንት የሞላ አይመስለኝም፤ አባትና ልጅ ተከታትለው ገቡ። አሪየት ቆማ በትሕትና፣ በእሷ ስም ያለውን ገልብጬ እንደነበር ጠየቀችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ አባቷ ዞረች።

«ዲስኩ የት አለ አባባ? አዲስ አበባ የጠፋ የሚያወጡ አሉ።»

«ሞቷል ሲለኝ ለቆራሌው ሰጠሁት።»

ወደ እኔ ተመለሰች። «ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም ነበር» አልሁ። ከሳምንቱ ሁሉ እውነት የተናገርሁት ያን ጊዜ ነው።

ቆራሌው ቤት አብረን ሄድን። የሰበሰበው ዕቃ ሁሉ፣ ዲስኩም ጭምር፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄዷል። በመንገድ ላይ አቶ ኦሞድ በአኙዋ የአጥማጆቹን ስም እየጠሩ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ «ሦስቱ አሁን የሉም» አሉኝ። አልተቆጡም። «ኢንጂነር» ብለው ግን ዳግመኛ አልጠሩኝም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ከመደምሰሳችሁ በፊት በማሽኑ ላይ ያለውን የተጠቃሚ ስም ሁሉ ክፈቱ፤ ባለቤቱም ፋይሉን ከቅጂው ላይ በገዛ እጁ ከፍቶ ይይ። ፋይል ካጠፋችሁ ዲስኩን አትንኩት፤ ያጠፋችሁት እናንተ መሆናችሁንም በዚያው ሰዓት ተናገሩ። የአቶ ኦሞድን ረቂቅ የደመሰሰው ስሕተቴ ነው፤ እንዳይገኝ ያደረገው ግን ውሸቴ ነው።